በአስካለ ፊት ላይ የተደረገው ቀይ ኤክስ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ለእኔም በቅጡ አልገባኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ፣ ግራ እንደገባኝ ነው እዚህ የቆምኩት። ብቻዬን ግራ ከሚገባኝ አብረን ይግባን ብዬ ነው።

አንዲት ሴት ነበረች። በአንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞችን ታሠለጥናለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሥራዋን የምትወድ፣ ጸሎተኛ ሴት ናት። አንዲት ሠራተኛ ፀጉሯን ማሽን ይዟት ለጥቂት ተርፋ ነበርና፣ አለቃዋ ጠርቶ፣ "ፀጉር ስለመሸፈን አሠልጥኚልኝ፤ በአፍ ብቻ አይሁን፣ ፎቶ ይኑረው" አላት።

ፎቶ ከየት ይምጣ? ስልኳን ከፈተች። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ፣ ፀጉሯን ለቃ ማሽን አጠገብ ቆማ የምትስቅ ወጣት አገኘች። ከሥሩ "ሼር ያድርጉ" ይላል። እሷም "ይኸው፣ ባለቤቱ ራሱ ፈቅዷል" አለች። እናንተስ ብትሆኑ? እውነቱን እንነጋገር፤ እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

በሥልጠናው ቀን ፎቶውን ግድግዳው ላይ አጉልታ አሳየችው። የልጅቷ ፊት ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ አድርጋበታለች። "እንደዚህች ያለች ግዴለሽ እንዳትሆኑ!" አለች። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ተነሣች። ዘውድነሽ ትባላለች፤ ፈትል ክፍል ነው የምትሠራው። አልጮኸችም። "እህቴ ናት" አለች። "አስካለ ናት። ከሞተች ሁለት ዓመቷ። ይሄን ፎቶ አቅፈን ነው ያለቀስንላት።"

ያ ሁሉ ሳቅ የት ገባ?

"ደግሞ ግዴለሽ አልነበረችም" አለች ዘውድነሽ። "ሥራ የገባች ዕለት የተነሣችው ነው። ማሽኑ አይሠራም ነበር። ሻሿንም ያወለቀችው ለፎቶው ብላ ነው።"

ለፎቶው ብላ! ለፎቶ ብሎ ሻሽ ያላወለቀ፣ ኮት ያልተዋሰ ማነው ከመካከላችን?

አሠልጣኟ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይቅርታ መጠየቅ ፈለገች፤ ግን ማንን? የቻናሉን ባለቤት ጠየቀች። "እኔም ከሌላ ቻናል ነው ያመጣሁት" አላት። ያኛውም ከሌላ። ሄዳ ሄዳ ፎቶ አንሺውን አገኘችው። "ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ግን ማንም ፈቅደሃል ወይ ያለኝ የለም" አላት። አንድ ጠበቃ ደግሞ "ፎቶው የአንሺው ነው፤ ፊቱ የልጅቷ ነው፤ ሁለቱንም ማስፈቀድ ነበረብሽ" አላት። ልጅቷ ደግሞ አፈር ውስጥ ናት። የሞተ ሰው እንዴት ይፈቅዳል? እኔም ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻ ፈትል ክፍል ሄደች። "እትዬ ዘውድነሽ፣ ያልጠየቅሁት ሰው የለም" አለቻት።

ዘውድነሽ የተበጠሰ ክር እየቀጠለች ነበር። ቀና ሳትል "እኔንስ?" አለቻት።

"ምን ላድርግልሽ ታዲያ? ላጥፋው?"

"አታጥፊው። የሳቁት ሰዎች ባሉበት ኤክሱን አንሺልኝ።"

በሳምንቱ እነዚያው ሰዎች ተሰበሰቡ። ፎቶ አንሺውም ፈቅዶላት ነበር። አስካለ ግድግዳው ላይ ወጣች፤ ኤክስ የለባትም። አሠልጣኟ "ስሟ አስካለ ነው። ግዴለሽ አልነበረችም። ያላወቅሁትን የተናገርኩ እኔ ነኝ" አለች። ዘውድነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ "አሁን እኔን አንሱኝ" አለች። በቆመ ማሽን አጠገብ፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ ተነሣች። እስከ ዛሬ ፋብሪካው የሚያሠለጥነው በዚያ ፎቶ ነው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ስልካችሁ ውስጥ ስንት ሰው አለ? የወደቀ ሰው፣ የሰከረ ሰው፣ ገበያ ላይ የተጣላ ሰው! ስሙን ታውቃላችሁ? ሻሿን ለምን እንዳወለቀች ታውቃላችሁ? ሼር አድርጉ ስለተባላችሁ ብቻ አይደል የላካችሁት? እግዚአብሔር በመልኩ የፈጠረውን ሰው፣ ሳትጠይቁ "እንዲህ አትሁኑ" ብላችሁ አሳይታችሁ አታውቁም?

ወደ እናንተ ብቻ አልጠቁም። መውጫው በር አጠገብ እኔ ራሴ የለጠፍኩት ፎቶ አለ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ የምታለቅስ ሴት ናት። ከሥሩ "ተስፋ የቆረጠች ነፍስ" ብዬ ጽፌበታለሁ። ከስልኬ ነው ያወጣኋት። ተስፋ ቆርጣ ይሁን፣ ልጇ ተመርቆላት በደስታ ይሁን የምታለቅሰው፣ አላውቅም። አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ስትወጡ እዩዋት። የሚያውቃት ካለ ስሟን ይንገረኝ፤ ሄጄ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። የሚያውቃት ከሌለ ግን፣ ዛሬውኑ እናንተው እያያችሁኝ አወርዳታለሁ።