ከሻማው አጠገብ የሚቀመጠው ውሃ

በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው ምድር፣ ማክአስኪል የሚባሉ ዘመዳሞች አሉ። ከእነሱ ቤት ለልደት የተጠራን እንግዳ ሁለት ነገር ያስገርመዋል። ኬኩ ላይ የተተከለውን ሻማ እፍ ብሎ የሚያጠፋ የለም፤ ባለልደቱ ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ ሻማው ቀልጦ ቀልጦ በራሱ ጊዜ እስኪከስም ድረስ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከኬኩ አጠገብ ደግሞ እስከ አፉ በውሃ የተሞላ ብርጭቆ ይቀመጣል፤ ቢጠማውም የሚጠጣው ሰው የለም። ሻማው እንደበራ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው ሰው ብርጭቆውን ወደ መሐል ገፋ አድርጎ «ማን ያጠፋዋል?» ብሎ ይጠይቃል። አንድም ሰው አይመልስለትም። ከዚያ በኋላ ኬኩ ከነሰሙ ይቆረሳል። በጋብቻ የገቡት መጀመሪያ ላይ ማጉረምረማቸው አይቀርም፤ ወልደው ከከበዱ በኋላ ግን ልማዱን ከማንም በላይ አጥብቀው የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ከመንደሩ በላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ አናት ላይ ደግሞ ቤት የሌለው የድንጋይ ጭስ ማውጫ ከነምድጃው ቆሟል። ፊት ለፊቱ «እሳት ማንደድ ክልክል ነው» የሚል የመንግሥት ሰሌዳ ተተክሏል። ሰሌዳው በጥላሸት ጠቁሯል። ብርጭቆውና ጭስ ማውጫው የአንድ ታሪክ ናቸው፤ ታሪኩንም የቤቱ ሽማግሌዎች ሲያወሩት እንዲህ ነው።

የዘሩ መነሻ ማርሳሊ የምትባል ሴት እንደሆነች ይነገራል። ማርሳሊ ባሏን ባሕር ወስዶባት፣ ቶርሞድ የሚባል አንድ ልጇን ይዛ፣ በስኮትላንድ አገር ከተራራ ሥር ባለ ሸለቆ በጭሰኝነት ትኖር ነበር። በዚያ ሸለቆ የቤት እሳት አይጠፋም ነበር ይባላል። ማታ በአመድ ይዳፈናል፣ ጧት ይገለጣል፤ ልጅ ተድራ ስትወጣም ከእናቷ ምድጃ ፍም ይዛ ትሄዳለች፤ ስለዚህ በአንዳንዱ ቤት የሚነደውን እሳት ማን እንደለኮሰው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። እሳቱን በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው ደግሞ ወድጄና ፈቅጄ ወጣሁ፣ ከእንግዲህ በዚህ መሬት ላይ ነገር የለኝም እንዳለ ይቆጠር ነበር።

ባለርስቱ ኑሮው ሩቅ ከተማ ነበር። እዚያው ተቀምጦ ከሰው ይልቅ በግ እንደሚሻለው ደረሰበትና ሸለቆው ከሰው እንዲጸዳ ሹሙን ላከ። ሹሙ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ልማዱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ሰዉን ማስወጣት ብቻ አልበቃው ብሎ እያንዳንዱ ቤተሰብ እሳቱን ራሱ አጥፍቶ እንዲወጣ አዘዘ። እሺ ብሎ ያጠፋ ሰው የጣራውን እንጨት ነቅሎ እንዲወስድ ይፈቀድለታል፣ እንቢ ያለ ግን እንጨቱ ይቃጠልበታል። ዛፍ በማይበቅልበት በዚያ አገር ደግሞ የጣራ እንጨት ማለት ቤት ማለት ነው፤ እንጨቱን ያጣ ሰው ሌላ ቦታ ሄዶም ቢሆን መጠለያ መሥራት አይችልም። ጎረቤቶቿ ተራ በተራ አጠፉ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያወሩ በእነዚያ ሰዎች ላይ አይፈርዱም፤ ልጆች ነበሯቸው፣ የበረዶው ክረምትም እየመጣ ነበር ብለው ያልፉታል።

ተራው ማርሳሊ ዘንድ ሲደርስ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ቤት ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ጧት የታለበው ወተት ብቻ ነው፤ ሹሙም ወተቱ ያለበትን የእንጨት ባልዲ አሳይቶ አፍስሺው አላት። ማርሳሊ ቀና ብላ አየችው።

«አላጠፋም» አለችው። «ማጥፋት ካማረህ ራስህ አጥፋው፤ የማን እጅ እንዳጠፋው ይታወቅ።»

እንጨቱ እንደሚቃጠልባት ነገራት። እሷም በርጩማዋን ወደ እሳቱ ሳብ አድርጋ ተመቻቸች። ሹሙ አብረውት የመጡትን ሰዎች ቢጠራ እነሱም የሸለቆው ሰዎች ነበሩና ሁሉም ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። መጨረሻ ላይ ራሱ ባልዲውን አንሥቶ ደፋው። ወተቱ ፍሙ ላይ ሲያርፍ አመዱና እንፋሎቱ ቡን ብሎ ፊቱን መታው፣ ቅንድቡም ተለበለበ ይላሉ። የቅንድቡን ነገር ማክአስኪሎች የጨመሩት ይመስለኛል፤ እኔም ብሆን እጨምረው ነበር። ማርሳሊ ባዶውን ባልዲ ከእጁ ተቀብላ፣ ልጇን በሌላ እጇ ይዛ፣ የጣራዋ እንጨት ከኋላዋ ሲንቦገቦግ ዞር ብላ ሳታይ የተባረሩትን ባሕር ወደሚያሻግረው መርከብ ወረደች።

መርከቡ ኖቫ ስኮሺያ ያደረሳት ወቅቱ ወደ ክረምት ሲያዘነብል ነው። በቅጠልና በቅርንጫፍ ጎጆ ቢጤ ቀለሰች፤ እሳት ግን እንቢ አላት። ዝናቡ አያባራም፣ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ እሳት መጫሪያ ቡላዷም በባሕር ውሃ ርሶ አልሠራ ብሏል። ልጁ ከብርዱ የተነሣ ማልቀስ እንኳ ትቶ ነበር። እንደሚነገረው፣ ሚክማቅ ከሚባሉት ከምድሩ ነባር ሰዎች ወገን የሆነች ማዳሌን የምትባል ሴት የልጁን ሁኔታ አይታ መጣች። በእጇ ትልቅ የባሕር ዛጎል ይዛለች። ዛጎሉን ስትከፍተው ውስጡ በጭቃ ተለስኖ፣ የበሰበሰ እንጨት ብናኝ በቀስታ ይጨስበታል፤ የማዳሌን ወገኖች ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲጓዙ እሳታቸውን የሚይዙት እንዲህ ነበር። እፍ አለችበትና የማርሳሊን እሳት ለኮሰችላት። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። ማርሳሊ ወደ ዛጎሉ ውስጥ ስታይ ግን የተዳፈነ እሳት መሆኑን አወቀች፤ ከቤቷ ከወጣች ጀምሮ ያላለቀሰችውን ልቅሶ ያን ጊዜ አለቀሰች ይባላል።

ዓመታት አለፉ። እስካሁን እሷ እያልኩ ታሪኳን ያወራሁት ሴት አርጅታለች፤ ከዚህ ወዲያ አንቱ ልላቸው ይገባኛል። እማማ ማርሳሊ በኮረብታው ላይ ጥሩ የእንጨት ቤት ከድንጋይ ጭስ ማውጫ ጋር አሠርተው፣ ያንን ባልዲ ባዶውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ይኖሩ ነበር። ውሃ ሊቀዳበት የሞከረ ሰው ወዮለት።

ቶርሞድ ጎልምሶ የልጆች አባት ሆነ። የኮረብታው መሬት ድንጋያማ ነው፤ ያረሰው ሁሉ ማረሻ ሰብሮበታል። ዓይኑን የጣለው ከታች ወንዙ ከባሕሩ በሚገናኝበት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ግን ባዶ አይደለም፤ የማዳሌን ቤተሰብ በየጸደዩ ዓሣ ሊያጠምድ የሚሰፍርበት ነው፣ ማዳሌንም በስተርጅና እዚያው ጎጆዋን አድርጋ ቀርታለች። ቶርሞድ ከተማ ወርዶ ሜዳው የእሱ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት አወጣ። ለእናቱም አልነገራቸውም።

አንድ ቀን ጧት እማማ ማርሳሊ ቀና ሲሉ ባልዲው ከግድግዳው የለም። ልጃቸው ዓይኑን ሜዳው ላይ እንደጣለ ያውቁ ነበርና ያኔ ሁሉም ነገር ገባቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ።

ሜዳው ላይ ቶርሞድ ከከተማ ካመጣው ሹም ጋር በማዳሌን ጎጆ ፊት ቆሟል። ባልዲውን ከወንዙ ሞልቶ በእጁ ይዞ፣ እሳትሽን በገዛ እጅሽ አጥፊና ውጪ ይላታል። እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሕግ በዚያ አገር አልነበረም፤ የከተማው ሹም ራሱ ግራ ተጋብቶ ያየው ነበር ይባላል። ቶርሞድ ግን መሬት ከሰው ላይ እንዴት እንደሚወሰድ የሚያውቀው በልጅነቱ ባየው መንገድ ብቻ ነው። ሲፈናቀል ያየውን፣ ሲያፈናቅል ደገመው። ማዳሌን ከእሳቷ አጠገብ ቁጭ ብላለች።

እማማ ማርሳሊ ሄደው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ቶርሞድ ይነሡ ብሎ ለመናቸው። ላይ ያለው መሬት ድንጋይ መሆኑን፣ ልጆቹ መብላት እንዳለባቸው፣ ወረቀቱም በእጁ እንደሆነ ዘረዘረላቸው። እሳቸውም ድንጋዩን እንደሚያውቁት፣ ግማሹን ለቅመው ያወጡት እሳቸው እንደሆኑ ነገሩት።

«በል አጥፋው፣ ልጄ» አሉት ከዚያ። «እኔና እሷ ቁጭ ብለን እናያለን። የማን እጅ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፤ ያንን እጅ የወለድኩት እኔ ነኝ።»

ቶርሞድ ባልዲውን እንደያዘ ብዙ ቆመ። በመጨረሻ ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጠውና ዳገቱን ይዞ ሄደ። ወረቀቱን ለማዳሌን እንደሰጣት፣ እሷም በማግሥቱ እሳት እንዳያያዘችበት ይወራል። ባልዲው ሲቀር የከተማው ሹም ውሃውን ሊደፋው ቢያነሣው እማማ ማርሳሊ ከለከሉት። እንደሞላ ይቀመጥ አሉ፤ ሁሉም እጁ እንደሚደርስበት እያወቀ የማያነሣው ከሆነ ነው እሳቱ ደህና የሚያድረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማክአስኪሎች ወገን የገዛ ራሱንም ሆነ የሌላውን ሰው እሳት በእጁ የሚያጠፋ እንዳይኖር ሕግ ሆነ፤ ባልዲውም ሁልጊዜ ሞልቶ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ።

ሕጉ ሁለተኛ የተፈተነው በቶርሞድ የልጅ ልጅ ልጅ በሙርዲና ጊዜ ነው። ሙርዲና ሳታገባ ያረጀች፣ ምላሷ የማይቻል ሴት ነበረች ይሏታል። መንግሥት ኮረብታውን መናፈሻ ሊያደርገው፣ ጎብኚዎች ቆመው ባሕር ሊያዩበት ፈለገ። ባሕሩ እዚያ ለሚኖሩት ሰዎችም ይታይ ነበር፤ ግን ይህን ያሰበ የለም። ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ለቀቁ። ሙርዲና ዘንድ የመጣው ሹም እንደ ጥንቱ ሹም አልነበረም፤ ክራቫት ያደረገ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ጨዋ ሰው ነው። ሠራተኞቹ እሳት ያለበት ቤት ማፍረስ ስለማይችሉ ምድጃውን ብቻ እንድታጠፋለት በትሕትና ጠየቃት። እሷም ባልዲውን አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት።

«እኔ አላጠፋም» አለችው። «እርስዎ ከፈለጉ ይኸውልዎ፤ ሞልቷል። ስምዎን ብቻ አስቀድመው ይንገሩኝ፣ ለልጆች የሚነገር ነውና።»

ሰውየው ሊስቅ ሞከረና ተወው። ባልዲውን ሳይነካ ወጥቶ ቤቱን በዙሪያዋ እንዲያፈርሱት አዘዘ። ሠራተኞቹ ጣራውን አነሡ፣ ግድግዳውን አወረዱ፣ ወለሉን ነቀሉ። ሲጨርሱ ኮረብታው ላይ የቀረው ጭስ ማውጫው፣ በምድጃው የሚነደው እሳትና ከአጠገቡ ወንበር ላይ የተቀመጠች አሮጊት ናት። ሹሙ እንጨቷ ሲያልቅ ትወርዳለች ብሎ ሄደ። በረዶም ጣለ።

እንጨቱ ግን አላለቀም። ከወንዙ ዳር የማዳሌን ዘር የሆነ ኖኤል የሚባል ሰው እንጨት በበረዶ ላይ እየጎተተ መጣ። ሸራም ወጠረላት። በማግሥቱም መጣ፣ በማግሥቱም። ለምን ትደክማለህ ብትለው፣ አያቶቹ የለኮሱት እሳት ስለሆነ የእሱም ጉዳይ እንደሆነ ነገራት ይባላል። ክረምቱን እንዲህ ገፉት። በረዶው ሲቀልጥ ሙርዲና ሳል ጸንቶባት ነበርና ፍሙን በዛጎል አድርጋ፣ በኖኤል ትከሻ ተደግፋ፣ ወደ ወንዙ ዳር ቤቱ ይዛው ወረደች። አላጠፋሁትም፣ ቤት ቀየረ እንጂ ትል ነበር እስክትሞት። ጭስ ማውጫውን እንዲያፈርስ የታዘዘው የሠራተኞች አለቃ ደግሞ ድንጋዩን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ ገና ትኩስ ነው፣ ሲበርድ እንመለስበታለን አለ። አልተመለሱም።

ዛሬም በየመከር ቤቱ የፈረሰበት ቀን ሲመጣ ሁለቱ ወገኖች ከወንዙ ዳር እሳቱን በዛጎል ይዘው ኮረብታውን ይወጣሉ፤ ከክልከላው ሰሌዳ ሥር ምድጃውን ያነዳሉ፤ ባልዲውንም ሞልተው አጠገቡ ያኖራሉ። የመናፈሻው ጠባቂም ይመጣል። ደንቡን ያነብላቸዋል፣ ያዳምጡታል፣ ከዚያ ባልዲውን ያሳዩታል። የቀድሞው ጠባቂ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየዓመቱ አንብቦ ሲጨርስ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ይመለስ ነበር።

አምና ግን አዲስ ጠባቂ ተተካች፤ ወጣት ናት፣ ሥራዋን አክባሪ። አንብባ ስትጨርስ እንደ ሌሎቹ ዞር አላለችም፤ ጎንበስ ብላ ባልዲውን አነሣችው። ከቶርሞድ ወዲህ እሳት ሊያጠፋ ባልዲውን ይዞ የቆመ ሰው አልነበረም። የሚከለክላት ሰው አልተነሣም። መከልከል የልማዱ አይደለም። ከመሐላቸው የሁሉም ታላቅ የሆኑት የሙርዲና የወንድም ልጅ፣ እማማ ዶሊና፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቋት።

«ስምሽ ማን ነው፣ የኔ ልጅ? የልጅ ልጆቻችን ሲጠይቁን እንድንነግራቸው ነው።»

ልጅቱ እሳቱን አየች፣ ሰዎቹን አየች፣ ሰሌዳውን አየች። ባልዲውን ውሃው እንኳ ሳይንጠባጠብ ወደ ቦታው መለሰችው። ብርድ ነበርና ጓንቷን አውልቃ እጇን ወደ እሳቱ ዘረጋች። ስሟን አልተናገረችም፤ እነሱም ደግመው አልጠየቋትም።

እንግዲህ ከማክአስኪሎች ቤት ለልደት የተጠራችሁ እንደሆነ ያንን ብርጭቆ አትጠጡት። ከጠማችሁ ሌላ ውሃ ይቀዱላችኋል። ያኛው የባልዲው ምትክ ነው፤ እሳት ማጥፋት ለሚሻ ሁሉ በግልጽ የተቀመጠ፤ ባልዲውን ያነሣው አለ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ሹም ወዲህ ግን ያፈሰሰው የለም።