የይመር ሁለት ዙር

ይመር ዘይት እንዳይነካበት የነጭ ሸሚዙን እጅጌ በጥንቃቄ እየጠቀለለ ነበር። ደሴ መውጫ ላይ ያሉ ሾፌሮች ችኩል ሰው ባጋጠማቸው ቁጥር የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች፤ መነሻዋን የጠየቀ ሰው የዚህን ሸሚዝ ወሬ ሳይሰማ አይሄድም።

ሸሚዙ አማት ፊት ለመቅረብ የተገዛ ነው። ይመር ከድጃን ለማግባት ሽማግሌ ቢልክ፣ አባቷ ሐጂ አረቡ የሰጡት መልስ አጭር ነበር፦

«መኪናው ማሽላዬን ጭኖ ሁለቴ ዳገት ላይ ቆሞብኛል። ልጄንም መንገድ ላይ ሊያስቀርብኝ ነው? ሞተሩ ሲነሣ በዓይኔ ልይ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

የይመር የጭነት መኪና ጋራዥ ገባ። ሜካኒኩ ሙሄ የሞተሩን አናት የሚከድኑትን ሁለት የተሰነጠቁ ቴስታታዎች አውርዶ አዲስ ገጠመ። ቫልቮቹ በየተራቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉም የማርሾቹን ጥርስ ምልክት ከምልክት ማገናኘት ጀመረ። ይመር ከጀርባው ቆሞ «ቶሎ በል ሙሄ! ሐጂ መጡብኝ!» እያለ ሲነዘንዘው አረፈደ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሙሄ ገጥሞ ጨረሰና እጁን ጠራርጎ አንድ ረጅም ብረት ለይመር ሰጠው።

«ምሳዬን ቀምሼ እስክመለስ ሞተሩን በዚህ ሁለት ዙር አዙረው፤ ቀስ ብለህ። ያዝ ካደረገህ አቁም። ቁልፉን እንዳትነካ!»

ይመር ብረቱን ሰክቶ ገፋ። ሞተሩ ግማሽ ዙር ሄደና ቀጥ አለ። ደግሞ ገፋ። አሁንም ቀጥ። ይሄኔ ሐጂ አረቡ ከዘራቸውን ይዘው በበሩ ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ያዘህ እንዴ?»

«ኧረ አልያዘኝም ሐጂ! አዲስ ስለሆነ አፍሮ ነው።»

«ሞተርም ያፍራል?»

«እርስዎን አይቶ ነዋ!»

ሐጂ ሳቃቸውን ጺማቸው ውስጥ ደበቁት። ይመር ብረቱን ጥሎ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ጋቢና ወጣና ቁልፉን አዞረ።

ቀጭ! ቋ! ከዚያ ጸጥታ።

ሙሄ ጉርሻውን ሳይውጥ ሮጦ መጣ። ቴስታታዎቹን መልሶ ሲያወርድ፣ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ጎብጠው አገኛቸው።

«ሁለት ጥርስ ስቼ ገጥሜዋለሁ፤ ስትነዘንዘኝ ተሳሳትኩ» አለ። «ግን ስህተቴን የሚነግርህ ያ ብረት ነበር እኮ! አልያዘህም?»

ይመር ሐጂን አየ፤ ከዚያም መሬት መሬቱን።

«ይዞኛል።»

ከድጃን ያጣት መሰለው። ሐጂ ግን አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡና፣ «ዳገት ላይ ከሚሰበር እዚህ መሰበሩ ይሻላል። በል ሸሚዝህን አውልቅና ሙሄን አግዘው። ሽምግልናው ይጠብቃል» አሉት።

የጎበጡት ቫልቮች እስኪቀየሩ ሽምግልናው ጠበቀ። በመጨረሻም ይመር ዘይት የጠገበ ቱታ ለብሶ ብረቱን ሰካ። ማንም አላጣደፈው፤ እሱም አልተጣደፈም። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ምንም አልያዘውም። ሙሄ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አንዴ አስነጥሶ ተነሣ። ይመር ብረቱን ጠራርጎ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

«እንግዲህ ሐጂ፣ ያን ሁሉ ጥፋት አይተው ልጅዎን ይሰጡታል?» አለ ሙሄ።

«እሰጠዋለሁ እንጂ!» አሉ ሐጂ አረቡ። «ከእንግዲህ ከድጃ ያዝ ስታደርገው ይቆማል፤ ትምህርቱን አግኝቷል፦ ለእጅ እንቢ ያለ፣ ለስብራት እሺ ይላል።»