የቆቃው ሽንኩርትና የሦስት ድንበር ቤንዚን

በአንድ ወቅት፣ ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በሬዲዮ ብቻ በሚገኝበት ዘመን፣ ቆቃ ሐይቅ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ጋሽ ወንድይራድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት፤ ፈትለወርቅ ትባላለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱንም ማሳውንም የያዘችው እሷ ናት። ውሃው ከሐይቁ ወደ ማሳው የሚወጣው በሞተር ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ቤንዚን ካልጠጣ ንቅንቅ አይልም። ጆሮ ስጡኝ እንግዲህ፤ ኋላ ፍረዱ ስላችሁ አልሰማሁም ማለት የለም።

በየማለዳው ሬዲዮው «ከጎረቤት አገሮች ጋር ሲነጻጸር የእኛ ቤንዚን ርካሽ ነው» ይላል። ጋሽ ወንድይራድ ይህን ሰምተው ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ሞጆ ይሄዳሉ፤ የሰልፉን ጭራ ፈልገው ያጡና ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ።

«ርካሽ ከሆነ ለምን አላገኘሁትም?» ይላሉ። «ካላገኘሁትስ ርካሽ መሆኑን በምን አወቅሁ? እኔ እንጃ ልጄ፣ ምኑም አልገባኝም።»

ፈትለወርቅም አልገባትም። ሽንኩርቱ ግን እስኪገባቸው አልጠበቀም፤ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ማለት ጀመረ። ያ ሽንኩርት ደረቀ ማለት የአባትና የልጅ የዓመት ቀለብ ደረቀ ማለት ነው። ሌላ የሚበሉት የላቸውም።

ፈትለወርቅን ለትዳር የሚፈልጓት ሦስት ሾፌሮች ነበሩ፤ ሦስቱም የሞጆ ልጆች፣ ሦስቱም ጭነው የሚሄዱት ወደ ድንበር። ሲራክ የጅቡቲን መስመር ይሠራል፣ ገመቹ የሞያሌን፣ ዘለቀ የመተማን። አንዱ ካንዱ ይሻላል እንዳይባል የሚያስቸግሩ ናቸው። እሷም ብትሆን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ገመቹ ሲመጣ ልቧ ለገመቹ ይላል፤ ሲራክ ሲመጣ ለሲራክ፤ ዘለቀ ያንን ሳቁን ይዞ ሲመጣማ ሁለቱንም ትረሳቸዋለች። ወይ ጣጣ!

አንድ ቀን ሦስቱንም ጥላ ሥር አስቀምጣ እንዲህ አለቻቸው፤

«እኔ ወርቅም ጥሎሽም አልፈልግም። እናንተ ጎረቤቶቻችንን በዓይናችሁ ታያላችሁ። የእኛ ቤንዚን ከእነሱ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው ወይስ ውድ? እውነቱን የነገረኝን አገባለሁ። ደግሞ ሽንኩርቱን አትርሱት።»

አያችሁ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ስትጨምር አንዱን ፈተና ሁለት እንዳደረገችው ልብ አላለችም። እነሱ ግን ልብ ብለዋል። ተነስተው ወደየመንገዳቸው ሄዱ።

ቀድሞ የተመለሰው ገመቹ ነው። እዚያ ማዶ ኬንያ ሲሻገር ማደያው ላይ የተጻፈውን ዋጋ አይቶ አልበቃውም። ድንጋይ ሲጭን የዋለ አንድ የቀን ሠራተኛ አግኝቶ «የዛሬ ውሎህ ስንት ሊትር ይገዛልሃል?» አለው። ከዚያ ተመልሶ በእኛው በኩል ድንጋይ የሚጭነውንም ያንኑ ጠየቀው።

«ፈትሌ፣ የእኛ ውድ ነው» አላት። «ሊትሩን ብቻ ካየሽ የእነሱ ይበልጣል። ግን የእነሱ ሠራተኛ ውሎ የሚገዛው ከእኛው ሰው ይልቃል። ዋጋ የሚለካው በሰው ኪስ ነው።»

«ታዲያ ቤንዚኑስ?»

«በውድ ነገር አንጨቃጨቅም» ብሎ ወጣ። መኪናውን አቁሞ መንደሩን ለደቦ ጠራ። ወንዱ በትከሻው፣ ሴቷ በጀርባዋ፣ ያለው በአህያው፣ ከሐይቁ ውሃ እያመላለሱ ሥር ሥሩን አጠጡ። የገመቹ አሠሪ «መኪናዬን አቁመህ ሽንኩርት ታጠጣለህ?» ብሎ ቁልፉን ተቀበለውና ለሌላ ሾፌር ሰጠው። ገመቹ ከሥራው ተባረረ፤ ሽንኩርቱም አልለመለመም፣ ግን አልሞተም።

ጋሽ ወንድይራድ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ አቀፉትና «በቃ፣ ልጄ ያንተ ናት» አሉት።

ደቦው ደክሞ ሲበተን ዘለቀ ደረሰ፤ ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ።

«ርካሽ ነው ውድ?» አለችው ገና ሳይወርድ።

«አንዱም አይደለም» አለ እየሳቀ። «ሱዳን ድንበር ማደያው ላይ የተጻፈው ከየትም ያነሰ ነው፤ ቧንቧው ግን ጠብ አይልም። የእኛውም ማደያ ያው ነው። የሌለ ነገር ምን ዋጋ አለው? ዋጋ ያለው መንገድ ዳር ሃይላንድ ውስጥ የሚቸበቸበው ነው፤ እሱ ደግሞ ጠዋት የተባለው ማታ አይገኝም።»

ይህን ብሎ የሰሊጡን ኬሻ ገለል ሲያደርገው ከሥሩ አንድ በርሜል ቤንዚን ተቀምጧል።

«አንተ ሰው! ፍተሻ ላይ ምን አልክ?»

«ሰሊጥ ነው አልኩ። ሰሊጥ አይደለም እንዴ?»

ፈትለወርቅ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ፈራች። ክብሪት የጫረ ቢኖር ኖሮ ዘለቀም ከነሳቁ አመድ ነበር፤ ቢያዝም እስር ቤት ነበር። ሞተሩ ግን ጉሮሮው ረጥቦ ተነሳ፤ ውሃው በቦዩ እየተንፎለፎለ ገባ፣ ማሳው እስኪጠግብ ጠጣ፣ ሽንኩርቱ ቀና አለ።

ጋሽ ወንድይራድ ዘለቀን አቅፈው «ልጄ ያንተ ናት» አሉት።

«አባዬ!» አለች ፈትለወርቅ ወደ ጓሮ ስባቸው። «ለገመቹ ቃል ሰጥተው የለም?»

«ሰጥቻለሁ። እሱም ሲናገር እውነቱን ነው፤ ይሄም ሲናገር እውነቱን ነው። እኔ ምን ላድርግ?»

በርሜሉ አለቀ። ሽንኩርቱ ቅጠሉ አምሮ ሥሩ ገና እንክብል ሳይሠራ ውሃው ተቋረጠ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ካልጠጣ የሚሸጥ ነገር አይወጣውም። ይሄኔ ነው ሲራክ ጢሙ አድጎ፣ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ይዞ ብቅ ያለው።

«የት ጠፋህ?» አለችው። ተቆጥታለች።

«ጅቡቲ ዋጋውን ጠየቅሁ። በባንክ መነዘርኩት፣ በጥቁር ገበያም መነዘርኩት። በየትኛውም ብትይው የእኛ ርካሽ ነው። ከዚያ ሞጆ መጥቼ ተሰለፍኩ።»

«ርካሽ ከሆነ ለምን ቆየህ?»

«ርካሽ ስለሆነ ነዋ የቆየሁት! ርካሽ በሆነበት ሁሉም ይሰለፋል፤ ለማሳው የሚፈልገውም፣ ድንበር አሻግሮ የሚቸረችረውም። ዘለቀ ያመጣው በርሜል ራሱ ከዚሁ ከእኛው ማደያ የወጣ ይሆናል።»

ዘለቀ በጎን ሆኖ «ይሆናል» አለ። «ሳሸተው አገሩን አልነገረኝም።»

መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጡት ሲራክን በሰልፉ ላይ ስንት ጊዜ እጁን ጎትተውታል። ቢገዛቸው ቀድሞ ይደርስ ነበር፤ እሱ ግን ተራዬን ጠብቄ በደንቡ እገዛለሁ ብሎ አንዲት ጠብታ አልገዛም። በእነዚያ ጀሪካኖች ሞተሩ የመጨረሻውን ውሃ ሳበ፤ ሽንኩርቱ ሥሩ ሞላ፣ ማሳው በቀይ እንክብል ተሰነጣጠቀ። ጋሽ ወንድይራድ ሲራክን ምን እንዳሉት ልንገራችሁ ወይስ አውቃችሁታል?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ፈትለወርቅ ግን እያደር ጨለመባት። ሽንኩርት ስትነቅል «ርካሽ ነው» ትላለች፤ ጆንያ ስትሰፋ «ውድ ነው» ትላለች፤ ስትተኛ «የሌለ ነገር ምን ዋጋ አለው» ትላለች። ሦስቱም ልክ ይመጡላታል።

ሽንኩርቱ ተሸጦ ባለቀ በእሑዱ፣ ሦስቱም ሽማግሌ ላኩ። አልተማከሩም እኮ! ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሎች በሦስት ወገን መጥተው ደጃፉ ላይ ተገጣጠሙና እርስ በርስ ተፋጠጡ። በወጉ ሽማግሌ ተቀመጥ ካልተባለ ቆሞ ይለምናል። ጋሽ ወንድይራድ ግን ሁሉንም «ተቀመጡ» አሉ። ያለው አንድ አግዳሚ ነው፤ ሽማግሎቹ ተጣበው ተቀመጡ።

የገመቹ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያለ ገመቹ ደቦ ዘለቀ የሚያጠጣው ሬሳ ነበር» አለ።

«ያለ ዘለቀ በርሜል ሲራክ የሚደርሰው ለተዝካሩ ነበር» አለ የዘለቀው።

«ያለ ሲራክ ጀሪካን ደግሞ ገበያ ይዛችሁ የምትወጡት ቅጠል ነበር» አለ የሲራኩ።

ከዚያ ሁሉም ወደ ጋሽ ወንድይራድ ዞሩ። «አንድ ልጅ ለሦስት ሰው ሰጡ?»

«አዎ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ በሐፍረት። «ስሰጥ ሁልጊዜ ከልቤ ነበር። እሷን ጠይቋት።»

ፈትለወርቅ ወጥታ ደፉ ላይ ቆመች።

«አባቶቼ፣ እኔ ሽንኩርቱን ያዳነልኝን አገባለሁ አላልኩም» አለች። «እውነቱን የነገረኝን ነው ያልኩት። ርካሽ ነው ያለኝ አልዋሸኝም። ውድ ነው ያለኝም አልዋሸኝም። የሌለ ነገር ዋጋ የለውም ያለኝም አልዋሸኝም። ምነው አንዳቸው እንኳ በዋሹኝ!»

አለቀሰች። ከሽማግሎቹ መካከል በዕድሜ የገፉት «የኔ ልጅ» አሏት በቀስታ፣ «ቃል አንቺ ነሽ የሰጠሽው። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል። ዛሬ ማንንም አላገባም ብለሽ ከመለስሽን፣ ከአራታችሁ ውሸታም የምትባይው አንቺ ብቻ ነሽ። ሁለቱን ከሸኘሽም፣ እውነት የነገሩሽን ሁለት ሰዎች ቃልሽን በልተሽባቸው ነው።»

ፈትለወርቅ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አፏን ልትከፍት ስትል፣ እኔ ዝም አልኩ። ምን ትበል? እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አውርቼው እስከ ዛሬ አልተፈታልኝም። እናንተ አግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ጨዋ ሰዎች፣ ልጅቷን ለማን ትሰጡ ነበር?