ጋራዥ ሲደርስ የሚጠፋው መብራት

አንድ ሰው ነበረ፤ መኪና ያለው። ቁጭ በል ይርሳው፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ሽማግሌ ከሚስቴ ጋር ካስታረቀን ወዲህ ሰላም ነን፤ ግን አልፎ አልፎ ፊቷ ይጠቁርብኛል። ምን ሆንሽ ስላት ምንም ትለኛለች። እናንተን ሽማግሌዎቹን ስጠራ ደግሞ እየሳቀች ትቀበላችኋለች። ዝም ልበላት ወይስ እንደገና ልክሰሳት?» አይደል ያልከኝ? እኔም እኮ ታክቶኛል። ጫማዬ ደጃፍህ ላይ አለቀ። እንግዲህ ስማኝ።

ይህ ሰው የመኪናው ፍሬን አልይዝ እያለ ቢያስቸግረው ጋራዥ አስገባው። መካኒኩ የፊት ጎማዎቹን ፈታ፣ የፍሬን ሸራውን ቀየረ፣ የዘይት ቱቦውንም ፈትቶ መልሶ አሰረ። ፍሬኑ እንደ አዲስ ሆነ። ሰውየው አመስግኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጥቂት እንደ ሰነበተ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የፍሬን መብራት ብልጭ አለ። ገና «ምን ሆነ?» ብሎ ሳይጨርስ ጠፋ። በሌላ ቀን ወደ ገበያ ሲወርድ እንደገና በራ፤ ገበያው ሲደርስ የለም። መኪናውን ወደ ጋራዡ መለሰው። መካኒኩ እዚያው ወለሉ ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ፍሬኑን ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ረገጠ።

«የታለ ጌታዬ?»

«አሁን ነበረ እኮ! መንገድ ላይ በርቶ ነበር።»

«እኔ የማየው ነገር የለም። ያላየሁትን ምን ብዬ ልሥራ?»

ሰውየው እንደ ውሸታም ተቆጥሮ ወጣ። ከጋራዡ ወርዶ ትንሽ ራቅ እንዳለ መብራቱ በራ። መሪውን በጡጫ ነረተው፤ «እዚያ ምነው ዝም አልክ?» ብሎ ከመኪናው ጋር ተጣላ። ዞሮ ተመለሰ፤ በር ላይ ሲደርስ ጠፋ። ሌላ መካኒክ ዘንድ ሄደ። እሱ «ባትሪው ነው» ብሎ ባትሪ አስቀየረው። መብራቱ ግን እንደ ልማዱ ብቅ ጥልቅ ይላል። ሦስተኛው መካኒክ፣ «ፍሬንህ ይይዝ የለም እንዴ? የተበላሸው መብራቱ ራሱ ነው፤ ምን አስጨነቀህ?» አለው።

ሰው ሲታክተው የሚያሳርፈውን ምክር ያምናል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠቀለልበትን ጥቁር ናስትሮ ቆርጦ መብራቱ ላይ ለጠፈበት። ከዚያ ወዲህ ምንም አላየም፤ ስላላየም ሰላም ያገኘ መሰለው።

የሚስቱ ታናሽ እህት ሠርግ ደረሰ። ሠርጉ ቆላ ነው፤ መንገዱ ገደል ለገደል እየተጠማዘዘ የሚወርድ ነው። ሚስቱ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ልጆቹም ከኋላ። ቁልቁለቱን እንደ ጀመሩ ዓይኗ ናስትሮው ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተይው፤ የተበላሸ መብራት ነው።»

በጥፍሯ ላጠችው። ቀዩ መብራት በርቷል።

«በርቷል እኮ!»

«ይበራል፣ ይጠፋል። ጠባዩ ነው።»

ሴትየዋ መብራቱን ትከታተለው ጀመር። መንገዱ ደልደል ሲል ጠፋ። ሲያዘቀዝቁ በራ። ደግሞ ደልደል ሲል ጠፋ።

«ስንወርድ ነው የሚበራው፤ አቁምና እየው» አለችው።

«ሦስት መካኒክ ያላገኘውን አንቺ ልታገኚው ነው? ሙሽራይቱ እየጠበቀችን!»

«አቁም አልኩህ። ልጆች ጭነናል።»

ሰውየው በንዴት ጦፈ። ምንም እንደሌለ ላሳያትና አፏን ላስይዛት ብሎ ፍሬኑን ረገጠ። እግሩ ከወትሮው ዝቅ አለ። ደግሞ ቢረግጠው ጭራሽ ሰመጠ። ንዴቱ በአንድ ጊዜ በረደ። ማርሽ ቀንሶ፣ የእጅ ፍሬኑን እየሳበ፣ መኪናውን ከገደሉ አርቆ ተራራው ግርጌ ካለው አፈር ጋር አላተመው። ቆመ። ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባና ኮፈኑን ከፈተ።

የፍሬን ዘይቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። አንደኛው የፊት ጎማ ውስጡ ርሷል፤ ዘይቱ ቱቦው ከታሰረበት ቦታ ይንጠባጠባል። ቀስ እያለ ሲፈስ ከርሟል። መኪናው ሜዳ ላይ ሲቆም የቀረችው ዘይት እኩል ትተኛለች፣ መብራቱም ይጠፋል። ሲያዘቀዝቅ ዘይቷ ከመለኪያው ወደ አንድ ጎን ትሸሻለች፣ መብራቱም ይበራል። መብራቱ አንድ ቀን እንኳ አልዋሸም ነበር።

ሰውየው መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እሷም ልጆቹን አወረደችና ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። ለመጀመሪያው መካኒክ ደውሎ እዚያው ቁልቁለቱ ላይ አስመጣው። መካኒኩ መብራቱን በዓይኑ አየ። «እኔ ጋ እኮ ሜዳ ላይ ነው የቆመው» አለ እየተሳቀቀ፤ ቱቦውንም ፈትቶ እንደገና አሰረ። ሠርጉ ግን አመለጣቸው። ከበሮው ከታች ከቆላው ይሰማቸው ነበር።

አየህ ይርሳው፣ የእናንተ እርቅም ጥገና ነው። እኛ ሽማግሌዎች ትልቁን ነገር ፈትተን አስረናል፤ አንዲት ብሎን ሳናጠብቅ ቀርተን ይሆናል። አንተ ግን ሚስትህን የምታቀርብልን ሁሉ ነገር ደልዳላ በሆነበት፣ ሶፋ ላይ፣ እንግዳ ፊት ነው። እዚያማ ማን ይጠቁራል? ዝም ብትላት ናስትሮ መለጠፍህ ነው። ብትከሳትም ከመብራቱ ጋር መጣላትህ ነው። ፊቷ የጠቆረ ጊዜ እዚያው ቁም። የት ነበራችሁ? ማን ምን አለ? እሱን እይ፤ እሷንም እዚያው ጠይቃት።

እስቲ አሁን ንገረኝ፤ መጨረሻ ያኮረፈችህ መቼ ነው? እሑድ፣ እናትህ ቤት አልክ? ጥሩ። ከዚያ በፊትስ? ምነው ዝም አልክ? እሱም እናትህ ቤት?

ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ? ተነሥ፣ ሄደህ ሚስትህን ጠይቃት!