ማስተዋልና ሁለቱ ትርፍ ዓመታት

ጠጋ በሉና አንድ ልንገራችሁ። መሐል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ማንም ባያቋርጠኝም ከመጀመሪያው መጀመሬ አይቀርም፤ ተረቱ እንዲያ ያለ ነው።

ማስተዋል ጌጡ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ነበረች፤ ምህንድስና፣ አራተኛ ዓመት። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መብረር። ተሳፍራ አይደለም፣ ራሷ አብራሪ ሆና። ለመኮንንነት ሥልጠና የሚመለምሉ ወታደሮች ኮሌጁ ድረስ ሲመጡ ከሁሉ በፊት ተሰለፈች። የጽሑፉን ፈተና አለፈች፣ የሐኪሙን ምርመራ አለፈች፣ ሩጫውንም ወንዶቹን አስከትላ ጨረሰች። ለኮሌጁ የተሰጠው የአብራሪነት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የእሷ ሊሆን የቀረው የአንድ ሰው ፊርማ ነው።

ፈራሚው መቶ አለቃ ደምሰው የልደት ወረቀቷን አየና ብዕሩን አስቀመጠ።

«ሃያ ሦስት ዓመት ይላል። ለበረራ ከሃያ ሁለት በላይ አንቀበልም። ለእግረኛ ልመዝግብሽ?»

«እኔ እኮ ሃያ አንድ ነኝ፣ መቶ አለቃ። ትምህርት ቤት ስገባ አባቴ ሁለት ዓመት ጨምሮብኝ ነው።»

«እንግዲያው የታረመ ወረቀት አምጪ። መዝገቡ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ቦታው የተጠባባቂው ነው።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። መቶ አለቃው አልመዘግብም አለ፣ ማስተዋልም ምድር ላይ ቀረች።

እንግዲህ የሁለቱን ዓመት ነገር ሳልነግራችሁ አልለፍ። በዚያን ጊዜ በእነማስተዋል ከተማ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ብዙ አልነበረም። ትምህርት ቤት ሊገባ የመጣ ልጅ ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ይንካ ይባላል። ከነካ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፤ ካልነካ ወደ እናቱ። ማስተዋል ያኔ አምስት ዓመቷ ነው፤ እጇ አናቷ ላይ ደርሶ ቆመ። አባቷ ግን «ሰባት ሞልቷታል፣ እመኑኝ፤ እጇ አጭር ሆኖ ነው» ብሎ አስገባት። ወረቀት ሁሉ ከዚያ በኋላ እሱን ተከትሎ ተጻፈ።

ማስተዋል በአውቶቡስ አገሯ ገባችና በማግስቱ ጠዋት ወደ ልደት መዝጋቢዋ ጸሐፊ ሄደች። ጸሐፊዋ ሻሿን አስተካክላ፣ «የክርስትና ወረቀት ካላመጣሽ አንድ ቀን አልቀንስልሽም፣ እህቴ» አለቻት። ጸሐፊዋ አላርምም አለች፣ መቶ አለቃው አልመዘግብም አለ፣ ማስተዋልም ምድር ላይ ቀረች።

ወደ ቄስ ፈንታ ሄደች። ቄሱ ትልቁን መዝገብ አውጥተው፣ አቧራውን እፍ ብለው፣ በጣታቸው ወረዱ።

«የክርስትና ስምሽ ማን ነው፣ ልጄ?»

«ወለተ ማርያም፣ አባ።»

«ወለተ ማርያም አራት አሉ። አንዷ የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት፣ አንዷ የዛሬ ሃያ አንድ... የዓለም ስም አልተጻፈም። የትኛዋ እንደሆንሽ ክርስትና ያነሳችሽ መጥታ ትመስክር። ያለዚያ አልጽፍም።»

ቄሱ አልጽፍም አሉ፣ ጸሐፊዋ አላርምም አለች፣ መቶ አለቃው አልመዘግብም አለ፣ ማስተዋልም ምድር ላይ ቀረች።

ክርስትና እናቷ ወይዘሮ ዘርፌ ገበያው ዳር ልብስ ትሰፋለች። ማስተዋልን ስታይ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ ጉንጮቿን አገላብጣ ሳመቻት። ጉዳዩን ስትሰማ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አንቺ የኔ ልጅ ነሽ። ግን ‹የልጅ ዕድሜ አትዋሽ፣ ጌጡ› ብዬ ብመክረው ‹አንቺ ምን አገባሽ› ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ይሄው አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ይቅርታውን እየጠበቅሁ። እሱ ሳይጠይቀኝ አልመሰክርም።»

ይህን ብላ መኪናዋን እንደገና ረገጠች። ዘርፌ አልመሰክርም አለች፣ ቄሱ አልጽፍም አሉ፣ ጸሐፊዋ አላርምም አለች፣ መቶ አለቃው አልመዘግብም አለ፣ ማስተዋልም ምድር ላይ ቀረች።

አባቷ ጌጡ ጎሚስታ ነው፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ጎማ ይጠግናል። ልጁን አይቶ እጁን በጨርቅ ጠራረገ፤ ሳይሳካለት ሲቀር በክንዱ አቀፋት።

«ላንቺ ስል ብሎን በጥርሴ እፈታለሁ» አለ። «ይቅርታውን ግን አልችልም። ለመምህር አድማሱ ቃሌን ሰጥቼ ነው ትምህርት ቤት ያስገባሁሽ። እሳቸውም አምነውኝ ነው። ዛሬ ለዘርፌ ‹ዋሽቼ ነበር› ብል እስከ ማታ ከተማው ይሰማል። መምህሩን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው? እሳቸው ካልማሩኝ ይቅርታ አልጠይቅም።»

«ታዲያ ሄደህ ለምናቸዋ፣ አባዬ።»

«እግሬ እምቢ አለኝ» አለና ወደ ጎማው ጎንበስ አለ።

ጌጡ ይቅርታ አልጠይቅም አለ፣ ዘርፌ አልመሰክርም አለች፣ ቄሱ አልጽፍም አሉ፣ ጸሐፊዋ አላርምም አለች፣ መቶ አለቃው አልመዘግብም አለ፣ ማስተዋልም ምድር ላይ ቀረች። ሐሙስም ተጋመሰ።

መምህር አድማሱ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ጓሯቸው ውስጥ ጎመን ውኃ ያጠጡ ነበር። ማስተዋል አንድም ሳታስቀር ሁሉንም ነገረቻቸው።

«አባቴን ይማሩልኝ፣ መምህር።»

«አልምርም» አሉ።

ወይ ጉድ! መምህሩ አልምርም አሉ፣ ጌጡ ይቅርታ አልጠይቅም አለ፣ ዘርፌ አልመሰክርም አለች፣ ቄሱ አልጽፍም አሉ፣ ጸሐፊዋ አላርምም አለች፣ መቶ አለቃው አልመዘግብም አለ፣ ማስተዋልም ምድር ላይ ልትቀር ነው። የምትሄድበት ሌላ ደጅ አልነበራትም። እንባዋን ዋጠችና፣ «ለምን?» ብላ ጠየቀች።

«ምን በድሎኝ ነው የምምረው?» አሉ መምህሩ፣ የውኃ ጆጋቸውን አስቀምጠው። «አምስት ዓመትሽ እንደሆነ እኔ አላውቅም ኖሯል? እጅሽ አናትሽ ላይ ሲቆም ዓይኔ አይቷል። ግን አንቺ ሁለት ወር ሙሉ ከአጥሩ ውጭ ቁጭ ብለሽ እየሰማሽ፣ ፊደሉን ከክፍሌ ልጆች ቀድመሽ ጨርሰሽ ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ ሁለት ዓመት አቧራ ላይ ትቀመጥ ልበል? ‹ጆሮዋን ነክታለች› ብዬ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ጌጡ አላታለለኝም። ውሸቱ የሁለታችን ነው።»

ማስተዋል ጎመኑን ተሻግራ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«እስቲ አሁን አሳዪኝ» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት የጻፍኩት ነገር እውነት ሆኖ አላየሁትም።»

ማስተዋል ቀኝ እጇን በራሷ ላይ አሻግራ ግራ ጆሮዋን ያዘች። ያዘች ብቻ ሳይሆን ተርፏት ጎተተችው። ሽማግሌው ሳቁ፤ ሲስቁም ዓይናቸው እንባ ሞላ። ኮታቸውን ለበሱ፣ ከዘራቸውን አነሱ፣ በቀጥታ ወደ ጎማው ቤት ገሰገሱ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይይዘው! መምህሩ ለጌጡ ነገሩት፣ ጌጡም እጁን ሳይታጠብ ዘርፌ ፊት ቆመ።

«ዋሽቻለሁ፣ ዘርፌ። የመከርሽኝ እውነት ነበር፤ ያዋረድኩሽ አፍሬ ነው። ልጄ እንዳትቀርብኝ ፈርቼ ነበር።»

ዘርፌ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ተነሳች። «መች ቀረች? ይልቅ ዝም ብለህ ቅደም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሊዘጋ ነው» አለችው።

ጌጡ ይቅርታ ጠየቀ፣ ዘርፌ መሰከረች፣ «በሰማንያ ቀኗ ያቀፍኳት ይቺ ናት፤ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው» አለች። ቄሱ ጻፉ። ዓርብ ጠዋት ጸሐፊዋ አረመች፣ ማህተሙንም ሁለት ጊዜ መታች። አውቶቡሱ በረረ ማለት ይቻላል። ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማስተዋል መቶ አለቃ ደምሰው ፊት ቆመች።

መቶ አለቃው ወረቀቱን ገለባበጠ። «ሃያ አንድ» አለ። «አንድ ልኬት ቀርቶሻል። የአውሮፕላኑ መሣሪያ ሁሉ ጋ እጅሽ መድረስ አለበት። ዘርጊው።»

ማስተዋል ዘረጋች። መቶ አለቃው ሜትሩን ይዞ ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«ይደርሳል» አለና ፈረመ።

ይኸው ነው። መቶ አለቃው መዘገበ፣ ማስተዋልም ከምድር ተነሳች።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን የሥልጠና አውሮፕላን በከተማዋ ላይ ሲያልፍ ጎማ የሚያስጠግን ሾፌር ቀና ብሎ አየ። ጌጡ ደረቱን ነፍቶ፣ «እሷ ትሆናለች፣ ልጄ» አለው።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

ጌጡ ከመመለሱ በፊት ከመናኸሪያው ማዶ ወዳለው ገበያ አየት አደረገ። ዘርፌ መኪናዋን አቁማ ታዳምጣለች።

«ሃያ ሦስት ዓመት ከአራት ወር» አለ ጮክ ብሎ። «አንድ ቀን አልጨመርኩም።»

ተረቴም ይኸው አረፈ። ዳቦውን ለመምህር አድማሱ አድርሱልኝ።