ከነላስቲኩ የተተከሉት ዛፎች

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ፣ ልጄ፤ «ሴት ልጄን ማን አደረቀብኝ?» ነው ያልከኝ። ከክፍሏ አንደኛ ትወጣ የነበረች ልጅ ዛሬ ደብተር አልነካም፣ እህል አልቀምስም ብላ ግድግዳ እያየች ትውላለች ብለኸኛል። ዘጠኝ ዓመት ያሳደገቻትን ሞግዚት በመተት ጠርጥረህ፣ ዛሬውኑ ከቤቴ ውጪ ብለሃት መምጣትህንም ነግረኸኛል። እንግዲያው ተቀመጥና ስማኝ። የምነግርህ በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ሳስታውሰው አሁንም ይዘገንነኛል።

ባለጸጋው የሚኖርበት ከተማ ቆላ ነው። ዋናው መንገድ ከመናኸሪያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አስፋልት ነው፤ ግራና ቀኙ ሱቅ ብቻ፣ አንድም የጥላ ዛፍ አልነበረበትም። እኩለ ቀን ላይ ሰው ከበረንዳ በረንዳ እየተጠለለ ነበር የሚሄደው። የባለጸጋው እናት በሚያዝያ ወር ከቅዳሴ ሲመለሱ እዚያ አስፋልት ላይ ፀሐይ መትቷቸው ወደቁ፤ በማግስቱ አረፉ።

ሰውየው እናቱን ይወድ ነበር፤ ይህን አልክደውም። ሙት ዓመታቸው ሲደርስ፣ «ድግስ ብቻውን አይበቃም። እናቴ በወደቁበት መንገድ ላይ ዳግመኛ ማንንም ፀሐይ አይመታውም» ብሎ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ጃካራንዳ ሊተክልበት ቃል ገባ። ከተማው ሁሉ መረቀው። እኔም የዚያ ደብር ካህን ነበርኩና መረቅኩት።

የሙት ዓመቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን በቀጥታ ወደ ተከላው ሄድን። ሁላችንም ነጭ በነጭ ለብሰናል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጉድጓዱ ሁሉ ጭቃ ነው። አንድ ገበሬ፣ ችግኞቹን ያፈላው እሱ ነው፣ እያነሣ ያቀብለን ነበር። ችግኝ አፈር በተሞላ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ነው የሚያድገው፤ ሲተከል ላስቲኩ ተቀዶ ይጣላል። ገበሬው የመጀመሪያውን ላስቲክ በምላጭ ሲተረትረው ጭቃው ተንጠባጠበና የአንዲት እመቤት ቀሚስ ጫፍ ነካ።

ባለጸጋው ክው አለ። «ኧረ ተው፣ ተው! የእንግዶቼን ልብስ አበላሸህ እኮ! ከነላስቲኩ ይግባ፤ በኋላ ታወጣዋለህ» አለው።

«ጌታዬ፣ ከተቀበረ በኋላ ማን ያወጣዋል?»

«እንግዳ አታቁምብኝ አልኩህ!»

ገበሬው ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ካህን ነዎትና አንድ ነገር ይበሉ ማለቱ ነበር። እኔ ግን አዲሱን ጋቢዬን ከጭቃው ሰብሰብ አድርጌ፣ ጸሎት ላይ ያለሁ መስዬ ወደ ሰማይ አንጋጠጥኩ። ችግኙ ሁሉ ከነላስቲኩ ገባ። ከዚያ ወደ ድግሱ ሄደን በላን፣ ጠጣን፣ ለነፍሳቸው ምሕረት ለመንን። «በኋላ» የተባለውም በዚያው ቀረ።

ዛፎቹ ሁለት ክረምት ለመለሙ። ባለጸጋው በየሳምንቱ በቦቴ ውኃ ያስጠጣቸው ነበር። ማንጠግቦሽ የምትባል ድሃ ሴት ከአንደኛው ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ቅቅል ድንች በአዋዜ መሸጥ ጀመረች፤ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ቦታ ነው። ድንች ያጠበችበትን ውኃ በየቀኑ ዛፏ ሥር ታፈሰዋለች።

በሦስተኛው ዓመት በጋ ዛፎቹ ተራ በተራ መድረቅ ጀመሩ። ባለጸጋው ውኃ ጨመረ፣ ፍግ አስደፋ፣ ጠበል ሳይቀር አስረጨ፤ የረጨሁትም እኔው ነኝ። አልሆነም። የእናቱ መታሰቢያ በአደባባይ ሲደርቅበት፣ ሰውየው የሚከሰው ሰው መፈለግ ጀመረ። ሰው ደግሞ ጠያቂ ካገኘ ወሬ አያልቅበትም። «ያቺ ባለ ድንች ዓይኗ አያምርም» አሉት። «የፈላ ውኃ ስትደፋበት አይተናል» አሉት።

አንድ ቀን መንገዱ በሰው በተሞላበት ሰዓት መጣ። «ቡዳ! የእናቴን ዛፍ በላሽው!» ብሎ ጮኸና ድስቷን በእግሩ መታው። ሲንተከተክ የነበረው ውኃ እግሯ ላይ ተገለበጠ። የዚያች ሴት ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ነበር፤ ደርቄ ቀረሁ፤ አልተሻገርኩም። ከዚያን ቀን ወዲያ ከእጇ የሚገዛ ጠፋ።

በሳምንቱ ባለጸጋው ያንኑ ገበሬ አስጠርቶ፣ የደረቁትን ነቅሎ ሌላ እንዲተክል አዘዘው። ሕዝቡ ከቦ ያያል። ገበሬው ዶማ እንኳ አላነሣም፤ የመጀመሪያውን ግንድ በሁለት እጁ ይዞ ሳብ ሲያደርገው ብድግ ብሎ መጣ። ሥሩ ያ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ እንዳለ ነው። መሄጃ ቢያጣ እየዞረ እየዞረ ራሱን አንቆታል። ሁለተኛውን ነቀለ፤ ያው ነው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ያው።

ቅጠሉን አራግፎ የደረቀ ከመሰለው ከማንጠግቦሽ ዛፍ ሲደርስ ግን ግንዱ አልነቀልም አለው። ገበሬው ልጡን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው፤ ውስጡ እርጥብ አረንጓዴ ነው። አፈሩን ቢገልጠው፣ እሷ ውኃ በምታፈስበት በኩል ሥሩ ላስቲኩን ቀዶ ወጥቷል። ከዚያ ሁሉ ዛፍ በሕይወት ያለው ያ ብቻ ነበር።

የባለጸጋው ፊት አመድ መሰለ። «በኋላ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን ወደ ቤቷ ሄደ፤ እኔም እያፈርኩ ተከተልኩት። እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ መደብ ላይ ተኝታለች። እሱም ከፊቷ ተደፋ።

«ለእግሬስ ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጌታዬ። እግር ይሽራል» አለች። «ልጆቼ ግን የቡዳ ልጆች ተብለው ትምህርት ቤት ለብቻቸው ነው የሚቀመጡት። ይኼን ከሰው ልብ በየትኛው ዶማ ይነቅሉልኛል?»

ሰውየው እስኪሞት ድረስ ከቤት ቤት እየዞረ «ሐሰት ነው የተናገርኩባት» ሲል ኖረ። አዲሶቹ ዛፎች በጥቂት ዓመት ጥላ ሆኑ። ልጆቿን ግን ዛሬም ድረስ ለሰርግ የማይጠራ ሰው አለ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ልጄ። ባለጸጋው አንተ ነህ፤ ችግኟም ልጅህ ናት። ልብስ አላጓደልክባትም፣ አስጠኚ ቀጥረህላታል፤ ቦቴው ይህ ነው። እናቷ የተቀበረች ዕለት ግን፣ ለቀስተኛ በሞላበት ድንኳን ውስጥ ልጅቱ ጮሃ ልታለቅስ ስትል፣ «በሰው ፊት አታሳፍሪኝ፣ በኋላ እናወራለን» ብለህ አፏን በእጅህ ስትይዛት ከጎንህ ነበርኩ። ያን ቀንም ዝም አልኩ፤ ይኸው እንደገና አፍራለሁ። አውርተሃታል? አላወራሃትም። ሞግዚቷን ለምን ጠረጠርካት ብዬ ብጠይቅህ፣ «ጓዳ ውስጥ አቅፋ ስታስለቅሳት ደረስኩባት» አልከኝ። አየህ? ልጅህ እስካሁን ከነነፍሷ የቆየችው በዚያ ልቅሶ ነው! አንተ ደግሞ ድስቱን በእግርህ መተህ ነው ወደ እኔ የመጣኸው።

ምን ታየኛለህ? ምርቃቴን አትጠብቅ፤ ተነሥ! ያቺ ሴት ዕቃዋን ሸክፋ፣ በሰፈሩ ሰው ፊት «መተተኛ» ተብላ ከደጅህ ሳትወጣ ሩጥ!