ቀያሹና የደነዘዘችው ካልኩሌተር

አንድ ቀያሽ ነበር፤ ፍሬሰንበት ይባላል። ስህተት አይወድም። ስህተት የሚወድ ሰው የለም፤ እሱ ግን ይፈራው ነበር።

ያሳደገው አናጺ አጎቱ ነው። አጎትየው ጣውላ ያስለካዋል። ጣውላው የጥፍር ያህል ካጠረ እራት የለም። ከረዘመም የለም። ፍሬሰንበት ስለዚያ ዘመን ለማንም አያወራም። ሲጠይቁት "ሥራ ተማርኩበት" ብሎ ወሬ ይቀይራል።

አድጎ ቀያሽ ሲሆን ፕሮግራም የምትቀበል ካልኩሌተር ያዘ። ትምህርት ቤት የተማረውን ስሌት ጽፎ አስገባባት። የልኬቱን ቁጥር ሲሰጣት ችካሉ የትና በምን ከፍታ እንደሚመታ ትነግረዋለች። ከኪሱ አትለይም፤ ለማንም አያውሳትም።

አንድ ጊዜ ከላይኛው መንደር ምንጭ እስከ ታችኛው መንደር ማሳ ድረስ ቦይ እንዲቀይስ ተላከ። ሁለቱ መንደሮች በውሃ ምክንያት ተኳርፈው የኖሩ ናቸው። በስንት ሽምግልና ታርቀው ቦዩን በደቦ ሊቆፍሩ ተስማሙ፤ ቀንም ቆረጡ። ከዓመታት በፊት በዓይን ግምት ቆፍረው ውሃው መሀል ላይ ተኝቶባቸዋል። ስለዚህ አሁን ችካል ሳይመታ ማንም ዶማ ላያነሳ ተማምለዋል።

በቀጠሮው ቀን ፍሬሰንበት ማልዶ ለካ። ከምንጩ ተነስቶ እየለካ ወረደ፤ በሌላው በኩል ዞሮ እዚያው ምንጩ ጋ ተመለሰ። እንዲህ የሚደረገው ስህተትን ለማወቅ ነው። ሲመለሱ የሚገኘው ከፍታ ከመነሻው ጋር ካልገጠመ ልዩነቱ ስህተት ነው። ቁጥሮቹን ሁሉ ለካልኩሌተሯ ሰጠና አስጀመራት።

ካልኩሌተሯ ዝም አለች።

አንድ ቁልፍ ተጫነ። ሌላም ተጫነ። ነቀነቃት፤ በመዳፉ መታ መታ አደረጋት። ዝም። ደቦው ዶማውን ተደግፎ ያየዋል።

"ምን ሆነችብዎ?" አሉ አቶ እንግዳሸት፣ የታችኛው መንደር ሽማግሌ።

"ደነዘዘች።"

"ፀሐይ መትቷት ይሆናላ! ጥላ ውስጥ ያድርጓት እስቲ።"

"ጠበል ይርጩባት!" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

ፍሬሰንበት አልሳቀም። ጥላ ውስጥ ግን አደረጋት።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ከላይኛው መንደር ሰዎች አንዱ ጎልማሳ ዶማውን ትከሻው ላይ ጣለ። "እኛ እንደሆን ውሃ አለን" አለ ጮክ ብሎ። "ሰው በቁልፍ ሲጫወት ለማየት አይደለም የመጣነው።" የመንደሩ ሰዎች እሱን እያዩ መነሳት ጀመሩ።

አቶ እንግዳሸት ወደ ፍሬሰንበት ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጌታው፣ ዛሬ ከተበተኑ መልሰን አንሰበስባቸውም። እርቁ ገና ጥሬ ነው።"

ፍሬሰንበት የካልኩሌተሯን ጀርባ ከፍቶ ባትሪዋን ሊነቅል ጥፍሩን ሰካ። የጠዋቱ ልኬት ያለው እሷ ውስጥ ብቻ ነው፤ ባትሪው ከወጣ ይጠፋል። እንደገና ለክቶ እስኪያስገባ ቀኑ ያልቃል። ይህን ያውቃል፤ ሌላ መላ ግን አልታየው አለ።

"ተው! እንዳትነቅል!"

የቦዩ መሐንዲስ ውድነሽ ነበረች። ማሳውን አይታ ዳገቱን እየወጣች ነው። ከፍሬሰንበት ጋር ብዙ ሥራ አብረው ሠርተዋል።

"ደንዝዛለች እኮ" አላት።

"ማቆሚያውን ተጭነሃል?"

"የደነዘዘ ነገር ደግሞ ምኑ ይቆማል?"

"አምጣት እስቲ፣ አንተ ደረቅ!"

እያቅማማ ሰጣት። ውድነሽ ፀሐዩን በእጇ ከልላ ቁጥር የሚታይባትን መስኮት አየች። "ና እይ፣ ጥጉ ላይ። ይቺ ቀጭን ጭረት ትሮጣለች።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ እየሠራች ነዋ! ጠዋት የሰጠሃትን ሥራ ገና አልጨረሰችም። ለመሆኑ ምን ብለህ ነው ያዘዝካት?"

ፍሬሰንበት ተቀብሏት ማቆሚያውን ተጫነ። ካልኩሌተሯ ወዲያው ቆመች፤ ልኬቱ አልጠፋም። የቆመችበትን የስሌት መስመርም አሳየችው። ወደዚህ ሥራ ሊመጣ ሲል በገዛ እጁ የለወጠው መስመር ነው። ትምህርት ቤት ያስተማሩት "ስህተቱ ከጣት ውፍረት ካነሰ በቃ" የሚል ነበር። እሱ ያንን አጥፍቶ "ስህተቱ ዜሮ እስኪሆን ደጋግመህ አስተካክል" ብሎ ጽፏል።

"ዜሮ?" አለች ውድነሽ። "ይህን ሁሉ ገደል ወጥተህ ወርደህ ዜሮ?"

"ትንሽም ብትሆን ስህተት ስህተት ናት።"

"አሁን ስንት ቀርቷታል?"

አየ። "የፀጉር ያህል።"

"አንዱን ፀጉር ስታነሳ ሌላ ፀጉር ይተርፋታል። እስከ ማታም ብትተዋት ይኸው ነው። ለመሆኑ ውሃው የፀጉር ያህል ስህተት አይቶ ወደ ምንጩ ይመለሳል?"

"አይመለስም።"

"እንግዲያው ማንን ፈርተህ ነው?"

ፍሬሰንበት ወደ ካልኩሌተሯ አቀረቀረ። ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ቆየ። በልጅነቱ "በቃ፣ ደህና ሠርተሃል" ያለው ሰው አልነበረም፤ ለራሱም ብሎ አያውቅም። ዜሮውን አጠፋና የጣቱን ውፍረት መልሶ ጻፈ።

ካልኩሌተሯ ወዲያው መልሱን ሰጠች።

የመጀመሪያው ችካል ሲመታ ዶማውን ትከሻው ላይ ጥሎ የነበረው ጎልማሳ ዞሮ አየ። "ነቃች እንዴ?" አለ፤ ዶማውንም አወረደ። የሁለቱ መንደር ሰዎች ተደባልቀው ገቡበት። ከሰዓት በኋላ እስከዚያ በተቆፈረው ቦይ ለሙከራ ውሃ ሲለቀቅ፣ ውሃው ሳያቅማማ ወረደ። ፍሬሰንበት ከቆፋሪዎቹ መሀል ተቀምጦ ቂጣ በላ። ያ ጎልማሳ የራሱን ቂጣ ቆርሶ ጨመረለት፤ እሱም ተቀበለው።

ወዳጄ፣ ጥንቃቄ መልካም ነው፤ ቦዩ ያለ ልኬት አይሆንም ነበር። ነገር ግን "እዚህ ላይ በቃ" የማይባልበት ጥንቃቄ ሰውን ባለበት ያስቀረዋል። ከውጭ ለሚያየው የፈዘዘ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ለአፍታም አላረፈም። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠመዎ ከመነቅነቅዎ በፊት ማን ምን ብሎ እንዳዘዘው ይጠይቁት። ያ ሰው እርስዎ ራስዎ ከሆኑስ? ምን ያህል ሲደርስ ነው "በቃ" የሚሉት?